ብልቱ የታለ?

ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን አክስቴ ለዐይኗ ሕክምና ከታች ጋይንት ወደ አዲስ አበባ መጥታ እኔ ዘንድ አርፋ ነበር። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ከሥራ ስመለስ፣ መንገድ ዳር በመስተዋት ሣጥን ውስጥ በብረት ዘንግ ተሰክተው እየተሽከረከሩ ከሚጠበሱት ዶሮዎች አንዱን አስጠቅልዬ ገባሁ። እንግዳ ማክበሬ ነበር። ወረቀቱን ፈትቼ ዶሮውን ከነሙሉ አካሉ ትሪ ላይ ሳስቀምጠው፣ አክስቴ በደኅነኛው ዐይኗ በኩል ዘንበል ብላ አየችውና «ምነው ልጄ፣ የሚበልት ሰው ጠፋ?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታም «ብልቱ የታለ?» ስትል ደገመች።

ብልቱማ እዚያው ነበር፤ ምንም የጎደለ አካል የለም። እርሷ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው። የማን ድርሻ የት ላይ እንደ ሆነ አልታይ ብሏት ነው። እኔም ሳቅሁና አለፍሁት። ማታ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሣኝ። ምክንያቱም ከተሜ ወዳጆቼ ስለ ዶሮ በተነሣ ቍጥር የሚሉትን አውቃለሁ። «ሐበሻ ዶሮ መጥበስ አያውቅም፤ ቀቅሎ በበርበሬ ይቀብረዋል» ይላሉ። እውነት አናውቅበትምን? ወይስ ያልጠበስንበት ምክንያት አለን? የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው።

ዶሮ ለአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለችም። ዘሯ የሚመዘዘው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የጫካ ዶሮ ነው። ከዚያ ተነሥታ ወደ እኛ የደረሰችበት ዘመን ግን ብዙዎቻችን ከምንገምተው እጅግ የራቀ ነው። በምሥራቅ ትግራይ፣ ሜዝበር በተባለ የቅድመ አክሱም ዘመን መንደር ተቈፍሮ የወጣ የዶሮ አጥንት በካርቦን ሲመረመር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 600 ዓመት ገደማ የነበረ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረጉት ሔሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ ናቸው። በአፍሪካ ምድር ከተገኙት ቀደምት የዶሮ አጥንቶች አንዱ መሆኑ ነው። እንግዲህ ከዶሮ ጋር የኖርንበት ዕድሜ ወደ 2,700 ዓመት ይጠጋል ማለት ነው። በዚህን ያህል ዘመን አንድ ሕዝብ ዶሮን እሳት ላይ ማዞር ሳይታሰበው ቀረ ማለት ይከብዳል።

ሙሉ ዶሮን ለማዕድ ማቅረብም ለእኛ ባዕድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል አገር የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከቤተ መንግሥት ስለ ቀረበለት ምግብ ሲተርክ አንድ ያስደነቀውን ነገር ጽፏል። የዶሮዋ ቆዳ አንዳች ሳይቀደድ ተገፎ፣ ሥጋዋ ከአጥንት ተለይቶ በቅመም ተለውሶ፣ ተመልሶ በዚያው ቆዳ ውስጥ ተሞልቶ ነበር። እንግዶቹ ቢያገላብጡት ቆዳው በየት በኩል እንደ ወጣ ሊያገኙት አልቻሉም። የዚያን ዕለት ማዕድ ያዘጋጁ እጆች የማን እንደ ነበሩ ስማቸው አልተጻፈም። ይሁን እንጂ ያ ጥበብ ዛሬም አልጠፋም። የደጋ ባለሙያ ሴት ዶሮ ስታሰናዳ ላባዋን በፈላ ውሃ ነጭታ፣ በነበልባል ለብልባ፣ ቆዳዋን ስትገፍ ያየ ሰው የአልቫሬዝ አድናቆት ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ያን ጊዜ ቅመም ሲባል ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ጥምዝ ይሆናል እንጂ ዛሬ የምናውቀው ቀይ በርበሬ አይደለም። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕር ከመሻገሩ በፊት ከዚያ አህጉር ውጭ የቀመሰው ሰው የለም። ስለዚህ «የጥንት የአባቶቻችን» የምንለው ቀይ የዶሮ ወጥ፣ ዶሮዋ በአገራችን ከኖረችው ዘመን ጋር ሲነጻጸር ገና ወጣት ነው። ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ዶሮ የበላነው ያለ በርበሬ ነው። ወጡን ወጥ ያደረገው ሌላ ነገር መኖር አለበት። ያን ለማግኘት ከቤተ መንግሥት ወጥተን ወደ ባላገሩ ጓዳ መግባት ግድ ይለናል፤ እኔም ወደማውቀው ጓዳ ልውሰዳችሁ።

ከደብረ ታቦር ተነሥተው በምሥራቅ በኩል የጉናን ተራራ ታክከው ሲጓዙ ነፋስ መውጫ ይደርሳሉ። ስሙ እንደሚናገረው ነፋስ አያጣውም፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ የላይ ጋይንት ከተማ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ቍልቍል ሲወርዱ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ ቀጥሎም ዓባይና በሽሎ የሚያዋስኑት ስማዳ አለ። በጉና ደቡባዊ ግርጌ ደግሞ እስቴ፣ ዋና ከተማዋ መካነ ኢየሱስ ትገኛለች። አገሩ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነችው ዙር አባ ያሉበት የሊቃውንት አገር ነው። የመከራም አገር ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉት በዚሁ በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል ነበር። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴም ጦርነት ነፋስ መውጫን ረግጧል። ሠራዊት ባለፈበት፣ ድርቅ በጎበኘው አገር ከግቢ አስቀድሞ የሚያልቀው ምን እንደ ሆነ የአገሩን ሴት መጠየቅ በቂ ነው። ዶሮ ነው። ኑሮ እንደ ገና ሲጀመር ቀድሞ የሚገዛውም እርሱው ነው። ከዶሮ በግ፣ ከበግ ጊደር እየተባለ መሰላሉ ይወጣል።

እንግዲህ ጋይንትና ስማዳ ለምን አልጠበሱም? ምክንያቱን ከሦስት እከፍለዋለሁ።

አንደኛው ዶሮዋ ራሷ ናት። የአገር ዶሮ ጥሬ ተቈጥሮላት የምታድግ አይደለችም። ጭራ አዳሪ ናት። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» የሚለው ተረት የኑሮዋ ታሪክ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ፣ አጥር ስትዘል፣ ከጭልፊት ስታመልጥ የዋለች ወፍ ሥጋዋ ጠንካራ፣ ስቧ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ የእንቁላል ምንጭ ስለ ሆነች በጫጩትነት አትታረድም፤ የሚታረደው አውራውም ቢሆን ወደ ዓመት የተጠጋ ነው። እንዲህ ያለ ሥጋ በጅማትና በስስ ሽፋን የተጠላለፈ ነው። ደረቅ እሳት ሲያገኘው ጅማቱ ይኮማተርና ወዙን ጨምቆ ያወጣዋል። በርጥብ ሙቀት፣ በቀስታ፣ ለረጅም ሰዓት ሲበስል ግን ያው ጅማት ይቀልጥና መረቁን ያወፍረዋል። ወጡን አልፎ አልፎ ከንፈር ላይ ተጣባቂ የሚያደርገው ይህ ነው። ነፋስ መውጫን በመሰለ ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፣ ድስቱ ከጉልቻው ላይ የሚቆይበት ሰዓት የዚያኑ ያህል ይረዝማል።

ሁለተኛው እሳቱ ነው። ሙሉ ዶሮ በቅጡ የሚጠበሰው በእንጨት ፍም ነው፤ ፍም ደግሞ ጠንካራ እንጨት ይሻል። የጉና ዙሪያ ደን ከተመናመነ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ባለቤቷ እጅ ያለው ኩበትና የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነው። የኩበት ጢስ የነካው ሥጋ ምን እንደሚሸት የቀመሰ ያውቀዋል። ድስትና ክዳን የተፈለገው እንግዲህ መረቅ ለመያዝ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ ጢስ ሥጋውን ለመከለልም ጭምር ነው። ጢስ በምግብ ውስጥ ያለውን ጣዕም አያውቁም እንዳይባል፣ በዚያው ቤት የጠላው ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ የወተቱም ዕቃ እንዲሁ። ቋንጣውም ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ይከርማል። ጢስን ያውቁታል፤ ቦታውን ግን ለይተውለታል።

ሦስተኛው ድርሻው ነው። ክርስቲያኑ ባላገር ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይጾማል፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ዶሮ የሚታረደው እንዲህ በተጠበቀ ቀን፣ ለበዓል ወይም ለክቡር እንግዳ ነው። አንዲት የአንድ ኪሎ ወፍ ደግሞ ለቤተሰብ፣ ለጎረቤት፣ ለእንግዳ መዳረስ አለባት። በእሳት የተጠበሰ ዶሮ ቢበዛ ለሦስት ሰው ነው። በሽንኩርት ቁሌት የተሠራ ወጥ ግን መረቁ እንጀራ እያጠቀሰ፣ እንቁላሉ እየተጨመረ ለአሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። አሥራ ሁለቱ ብልት የመጣው ከዚህ ነው። ፈረሰኛው፣ መላላጫው፣ ክንፉ፣ አንገቱ፣ ፍርምባው እየተባለ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ማዕረጉ ይቀርባል። ቍጥሩን ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ጋር የሚያያይዙት አሉ። ብልቱ እንዳይሰበር፣ ከመገጣጠሚያው ብቻ እንዲለያይ ማድረግ የሴት ልጅ ሙያ መፈተኛ የሆነውም ያለ ነገር አይደለም። የተሳሳተ ቢላ የአንድ ሰው ድርሻ ያጠፋልና። አክስቴ «ብልቱ የታለ?» ስትል የጠየቀችው ይህንኑ ሥርዓት ነው።

ታዲያ የደጋ ሰው ጥብስ ወፍ ጨርሶ አያውቅም ማለት አይደለም። እረኞች ጅግራና ቆቅ አጥምደው ሜዳ ላይ ፍም አንድደው ይጠብሳሉ፤ በልጅነቴ አብሬ በልቻለሁ። ያ ግን የሜዳ ምግብ፣ የወንዶች ልጆች ምግብ ነው። ድርሻ የለውም፤ የደረሰ ይቦጭቃል። ጥብሱ ሜዳ ቀረ፣ ወጡ ቤት ገባ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ፈረንጁስ? እርሱም ጥብሱን በዋዛ አላገኘውም። ፓሪስ ውስጥ የዝይ ጠባሾች ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1248፣ በንጉሥ ሉዊ 9ኛ ዘመን ነው። ዘንጉን ቆሞ የሚያዞር ብላቴና ያስፈልግ ነበር። ሊዮናርዶ ዳቪንቺ በጭስ ማውጫው ውስጥ በሚወጣው ትኩስ አየር የሚዞር ዘንግ በሥዕል ነድፏል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በእንጨት መንኰራኵር ውስጥ እየሮጠ ጥብስ የሚያዞር አጭር እግር ያለው የውሻ ዘር ነበር፤ መኪናው ሲመጣ ዘሩ ጠፋ። ይህ ሁሉ ድካም ለማዞር ነው። ሥጋው ሲዞር የሚቀልጠው ስብ ወደ መሬት ከመንጠብጠብ ይልቅ በቆዳው ላይ ይንሸራሸራል። አንዱ ጎን እሳት ሲያይ ሌላው ያርፋል፤ ሙቀቱም ወደ ውስጥ በእኩል ይገባል። እንዲያም ሆኖ የተጠበሰ ዶሮ በየመንገዱ የሚሸጥ ርካሽ ምግብ የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ያኔ በአሜሪካ በፍጥነት የምታድግ፣ መሮጥ የማታውቅ፣ ሥጋዋ ለስላሳ ዶሮ ተራባች። ጥብሱ የተሠራው ለዚህች ዶሮ ነው፤ ወይም እርሷ ለጥብሱ ተሠራች።

ወደ እኛ ከተሞች ጥብሱ የመጣበትን መንገድ ስሙ ይነግረናል። እስከ ዛሬ በየምግብ ቤቱ «አሮስቶ» የምንለው ቃል ጣሊያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወራሪ ሲወጣ ቃሉንና ምጣዱን ትቶ ሄደ። የፈረንጅ ዶሮ እርባታ ሲስፋፋ፣ ኋላም የመስተዋቱ ሣጥን ሲመጣ፣ ከተሜው ዶሮን ከነሙሉ አካሏ መግዛት ለመደ።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ክርክሩ በወረቀት እንዳይቀር ብዬ ግቢዬ ውስጥ ለሁለት የተከፈለ በርሜል አገኘሁ፤ ብረት በያጅ ዘንግና እጀታ አበጀልኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የገዛሁት ያማረ ገብስማ የሐበሻ አውራ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ አዞርሁት። ቆዳው አብረቀረቀ፣ ሽታው ጎረቤት ጠራ፤ ሥጋው ግን ጥርስ የሚፈትን ጠፍር ሆነ። አክስቴ አንዷን ክንፍ ስታላምጥ ቆይታ «ይኸ የሮጠ ነው፤ የሮጠ ድስት ይፈልጋል» ብላ አስቀመጠችው። ያልኋችሁን ሁሉ ጥናት በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወጣት የእርባታ ዶሮ ገዛሁ፤ ከአንድ ኪሎ ብዙም አትበልጥም። አክስቴ በሎሚና በጨው አጠበቻት። እኔ በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ያህል ጨው አሟሙቼ ዶሮዋን ሌሊቱን ነከርኋት። ጨው ሥጋው ውስጥ ገብቶ ወዙን እንዲይዝ ያደርገዋል። ጠዋት አውጥቼ ቆዳዋን በደንብ አደረቅሁ፤ ቆዳ እርጥብ ከሆነ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ክንፍና እግሯን በሲባጎ አጥብቄ አሰርሁ፤ የተንጠለጠለ አካል ቀድሞ ያርራልና። ፍሙን ከሥሯ ሳይሆን በግራና በቀኝ አደረግሁት፤ ሁለት ቀጫጭን የወይራ ፍልጥም ጣል አደረግሁበት። ክዳን ገጠምሁ፣ ቀስ እያልሁ አዞርሁ። ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ የታፋዋ መገጣጠሚያ ሲወጋ ንጹሕ ውሃ አወጣ። ሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ከፍርምባው ጥልቅ ቦታ 74 ዲግሪ ሲያነብ ማውጣት ይችላል። ዐሥር ደቂቃ አሳረፍኋት።

አክስቴ ጢሱን አሽትታ «የጋን ሽታ» አለች። ከዚያ ቢላ ጠይቃ፣ የተጠበሰችውን ዶሮ ከመገጣጠሚያዋ እየፈታች፣ አንድ አጥንት ሳትሰብር አሥራ ሁለት አድርጋ ትሪው ላይ ደረደረችው። የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ለጎረቤት ሁለት፣ ለዘበኛው አንድ ተላከ።

ስንበላ ስለ ፋሲካ ወሬ ተነሣ። እኔም በልጅነቴ ያለ ዶሮ ያለፈ አንድ ፋሲካ ትዝ እንደሚለኝ፣ ያን ዓመት ፈንግል ገብቶ ዶሮዎቻችንን እንደ ጨረሰብን ተናገርሁ። እናቴ ያኔ የነገረችኝ እንዲያ ነበር። አክስቴ እጇን ከትሪው አነሣች።

«ፈንግል አልገባም» አለችኝ። «እናትህ አውራውንም ሁለቱን ቄቦችም አርብ ገበያ አውጥታ ሸጠቻቸው። አንተን ደብረ ታቦር ትምህርት ቤት ለመስደድ የመኪናና የደብተር ጎድሎ ነበር። እንዳይከፋህ ብላ ነው ፈንግል ያለችህ።»

እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

ዶሮ በጋይንት የሴት ከብት ናት። ላሙና በሬው የአባወራው ሲሆኑ፣ የዶሮዋና የእንቁላሏ ሳንቲም ግን የባለቤቷ ነው፤ ጨውና ቡና፣ ሳሙናና ደብተር የሚገዛበት። የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ60 እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ ላይ ለመታቀፊያ ይቀራል፣ ከሚፈለፈለውም ፈንግልና ጭልፊት ይወስዳሉ። አንድ አውራ አርዶ መብላት ለእንዲህ ያለች ሴት ከቁጠባ ደብተር ገንዘብ እንደ ማውጣት ነው። ስለዚህ ስታርደው ጠብታው እንዳይባክን፣ እያንዳንዱ ብልት ባለቤት እንዲኖረው አድርጋ ትሠራዋለች። «መጥበስ አያውቁም» የምንላቸው እነዚህን ሴቶች ነው።

እኔ ጥብሱን አልጠላሁትም፤ በርሜሉም ግቢዬ ውስጥ አለ። ወጣት ዶሮ ሳገኝ አዞራለሁ፤ የሮጠውን ለድስት እተወዋለሁ። አክስቴ ዐይኗ ተሽሏት ከተመለሰች ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ለወጥሁ። ጥብሱን ከዘንጉ አውርጄ ከነሙሉ አካሉ አላቀርብም። ቢላ እይዝና ከመገጣጠሚያው እፈታዋለሁ። እስካሁን ከዘጠኝ አላለፍሁም፤ የቀሩት ሦስቱ ይሰበሩብኛል።